እንቁላሉን ማን በላው?

ስለ አመጋገብ በተጠራ ስብሰባ ሁሉ ከአሰልጣኞች አፍ የማትጠፋ ቀልድ አለች፦ «ገበሬያችን እንቁላሉን ገበያ አውጥቶ ይሸጥና ለልጁ ብስኩት ገዝቶለት ይገባል።» አዳራሹ ይስቃል። ወዲያው «ዋናው ችግር የግንዛቤ ነው» ይባላል፤ ከዚያ የሻይ ዕረፍት ነው። ቀልዷ ድሮ የምትነገረው ስለ ጨቅላ ሕፃናት ነበር። አሁን ደግሞ አድጋ የአሥራዎቹን ዕድሜ ልጆች ቅጥነትና ደም ማነስ ልታስረዳን ተነሥታለች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ፊቱ የገረጣው፣ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እንቅልፍ የሚጥለው፣ አባቱ የእንቁላልን ጥቅም የሚነግረው አጥቶ ነው ማለት ነው። ቀልድ ሆና ብትቀር ማንም ባልተቆጣ። እሷን አምኖ በጀት ሲያዝ፣ ሥልጠና ሲነደፍና ባነር ሲታተም ግን ዝም ማለት ይከብዳል።

እስኪ ሳቁ ጋብ ይበልና እንቁላሉን እንቁጠረው። ያገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ነው። በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ አንድ ገበሬ አምስት ዶሮ አለው እንበልና ለእያንዳንዷ 50 እንስጣት፤ 250 ይሆናል። ሃምሳው ለጫጩት ይታቀፍ። የቀረው 200 ለስድስት ቤተሰብ ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 33 ይደርሰዋል፤ በ11 ቀን አንድ እንቁላል መሆኑ ነው። ይህም ፈንግል ሳይገባ፣ ጭልፊት ሳይነጥቅ፣ እንግዳ ሳይመጣና ለዓመት በዓል አንዷ ሳትታረድ ነው። እንግዲህ አባትየው የአሰልጣኙን ምክር ቃል በቃል ፈጽሞ፣ አንዲት እንቁላል ሳይሸጥ ዓመቱን ቢዘልቅ፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጁ የሚያደርግለት ይህንኑ ነው። ልጁ ያለበት ዕድሜ ከጨቅላነት ወዲህ ሰውነት በፍጥነት የሚያድግበት፣ አጥንት የሚረዝምበትና የሚጠነክርበት ነው፤ ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ በየወሩ ደም ታጣለች። በ11 ቀን አንዴ ብቅ የሚል እንቁላል ይህን ጉድለት አይሞላም። የተከበሩ አሰልጣኝ፣ ይህን ሒሳብ ለመሥራት የአራተኛ ክፍል ትምህርት ይበቃል፤ እርስዎ ሁለተኛ ዲግሪዎን ይዘው ሳይሠሩት ስንት መድረክ አለፉ?

አሁን ወደ ሽያጩ እንምጣ። ገንዘቡ የት ገባ? ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ በዚያው ደራ ባለችው ሐሙሲት ከተማ ላይ ወርዶ የተማሪ ኪራይ ቤቶችን ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። የገጠሩ ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ቀጣዩ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያለው ከተማ ነው። በየቀኑ ተመላልሶ የማይዘልቀው ከሆነ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ቅዳሜ ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል፣ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል፦ እንጀራ፣ ጥቂት ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከተገኘም በሶና ቆሎ። ሳምንቱ ሳይጋመስ እንጀራው መሻገት ይጀምራል፤ የተረፈው ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል። ጧት ሳንቲም ካለ ሻይ በዳቦ፣ ከሌለ ባዶ ሆድ። ኪራዩ፣ ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ ከሰሉና መብራቱ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ ከመኸር እስከ መኸር ባለው ጊዜ የገበሬውን ቤት በገበያ ቀን ጥሬ ገንዘብ የሚያስይዘው ደግሞ እንቁላሉ፣ ቅቤውና ዶሮው ነው። አሰልጣኙ ብስኩት ሆነ ያሉት እንቁላል የኬሚስትሪ ደብተርና የቤት ኪራይ ሆኗል። አባት ልጁን ከማብላትና ከማስተማር አንዱን ምረጥ ተብሎ ማስተማርን መረጠ። ይህ ያስቃል?

ግንዛቤ ከተባለ ይህ ልጅ ተርፎታል። ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ እያለ ከመጀመሪያ ደረጃ ጀምሮ ሸምድዶታል፤ ስለ ፕሮቲን በፈተና ተጠይቆ መልሷል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ሰውነት ብረትን እንዳይወስድ እንደሚያውክ ቢነግሩትም ያምናል፤ ግን ሻዩ ባይኖር ደረቁን ዳቦ በምን ያወራርደው? አገሩ አያበቅልም እንዳይባል የፎገራ ሜዳ እዚያው ጎን ነው። ሩዙ ከዚያ ይመረታል፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተሞች ይወጣል፤ የፎገራ ላም በወተቷ የታወቀች ናት፤ ጣናም ከነዓሣው ሩቅ አይደለም። እውቀቱ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ አለ፣ ምግቡም በደጁ ያልፋል። የጠፋው የሚገዛበት ገንዘብ፣ የሚያበስልበት ጊዜና የሚጥድበት ምድጃ ነው። ሥልጠና ከሦስቱ አንዱንም አይሰጥም።

የመንግሥት ዕቅድም ይህን ልጅ ዘሎት ያልፋል። በ2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 ዓ.ም. መቀንጨርን አጠፋለሁ ያለው ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ለሕፃናቱ መታሰቡን የሚቃወም የለም፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት 46 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተው ነበር። ግን ያኔ የተለኩት ሕፃናት ዛሬ የት ናቸው? ብዙዎቹ አሥር ዓመት አልፏቸዋል፤ ከቀልዷ ጋር አብረው ያደጉት እነሱ ናቸው። እናታቸውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ ድረስ ሄዳ ስትመክራት ኖራለች፤ ኪራይ ቤት ሲገቡ ግን በራቸውን የሚያንኳኳ የለም። አዲስ አበባ እንኳ በሚመሰገነው የምገባ ፕሮግራሟ የምታበላው ከቅድመ መደበኛ እስከ መጀመሪያ ደረጃ ያሉትን ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ሆድ ይዘጋል የተባለ ይመስላል።

«ጾሙስ?» የሚል አይጠፋም፤ እንዲያውም አሰልጣኞቹ ሲጨንቃቸው የሚያነሡት እሱን ነው። እውነት ነው፣ ጾም ከዓመቱ ግማሽ ለሚጠጋ ጊዜ እንቁላልና ወተትን ያስቀራል። ነገር ግን ምስርን አልከለከለም፤ ሽሮን፣ ጎመንን፣ ተልባን፣ ሱፍንም አልከለከለም። ከተከራዩ ተማሪ ሰሃን ላይ በበቂ የማይገኙት እነዚህም ናቸው። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ፣ የጾሙ ሰበብ ባለቀበት ጊዜም፣ ያው በርበሬ የተነሰነሰበት እንጀራ ነው። ይልቅስ ቤተ ክርስቲያንን መጥቀስ ካስፈለገ ስለ ተማሪ ሆድ ከአሰልጣኞቻችን ይልቅ እሷ አስባበታለች። በዚሁ በደቡብ ጎንደር የድጓው ቤተ ልሔምና ዙር አምባ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከየአገሩ ተማሪ ሲመጣላቸው ኖሯል፤ ተማሪዎቹን የአካባቢው ሰው ቁራሹን አካፍሎ ነው ያኖራቸው። የቆሎ ተማሪ ኑሮ የሚያስቀና አልነበረም፤ ውሻም ረኃብም ነበረበት። ቢሆንም የሚማር ልጅ እንጀራ የወላጁ ጣጣ ብቻ አይደለም የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ያን ሕግ ጥሎ ለተማሪው ምክር ብቻ አተረፈለት።

የቀረው መከራከሪያ ገንዘብ ነው። ትምህርት ቤት ክፍት ሆኖ መዋሉ ራሱ ዕድል በሆነበት፣ ጦርነት በሰነበተበት ክልል የሁለተኛ ደረጃ ምሳ ቅንጦት ነው ይባላል። ለሁሉም በአንድ ቀን ይዳረስ ያለ ግን የለም። ከገጠር መጥተው ለተከራዩት ብቻ፣ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ድስት ሽሮና ንፍሮ ይጀመራል። ትምህርት ቤቱ ሽንብራውንና እንቁላሉን ከዚያው ገበሬ ቢገዛ አባትየው ሽያጩን፣ ልጁም ምሳውን አያጣም። ዝርዝሩን ለውሎ አበልና ለአዳራሽ ኪራይ በጀት ማውጣት የሚያውቁበት ያውጡት። ይህም አይቻልም የሚል ባለሥልጣን ካለ፣ አይቻልም፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ ይናገር፤ ድህነት ነውር አይደለም። ነውሩ የራስን ባዶ ካዝና በገበሬው አላዋቂነት መሸፈን ነው።