አንድ ባሕር፣ ሁለት ጉዞ፦ «አብረን ነን» ብለው የሚወጡ ጓደኛሞች መንገድ ላይ ምን ይገጥማቸዋል?

ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ስልካችንን የሚሞላው ቪዲዮ ይታወቃል። አራት አምስት ጓደኛሞች ሳንቶሪኒ ላይ፣ ባርሴሎና ላይ፣ ሲሲሊ ላይ። ሰማያዊ ባሕር፣ ነጫጭ ቤቶች፣ ጀልባ ላይ ጭፈራ። ለአውሮፓ ወጣት ይሄ ወር በጋ ነው። ትምህርት ይዘጋል፣ ቦርሳ ይታዘላል፣ ከጓደኛ ጋር ሜዲትራኒያንን መዞር ይጀመራል።

እኛ ጋ ይሄው ወር ክረምት ነው። ጋይንት ላይ ጉና ተራራ በጉም ይሸፈናል፣ ስማዳ ላይ የገበሬው ጎተራ ይራቆታል፣ እስቴ ላይ 12ኛ ክፍል የተፈተነ ልጅ ውጤቱን ይጠብቃል። እዚህም ጓደኛሞች ተሰብስበው ስለዚያው ባሕር ያወራሉ። ልዩነቱ የእነሱ መንገድ በመተማ፣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ የሚያልፍ መሆኑ ነው።

ዛሬ ስለዚህ እንነጋገር። «ስደት መጥፎ ነው» የሚል ስብከት ልናወርድባችሁ አይደለም፤ እሱን ጠግባችሁታል። የምናነሳው አንድ ነገር ነው። የኛ ልጅ ብቻውን አይወጣም፤ ከጓደኛው ጋር ነው የሚወጣው። «አብረን ነን፣ ምን ይመጣል?» ይላል። ይህ «አብረን ነን» መንገዱ ላይ ምን ይሆናል?

መጀመሪያ ስለ ወረቀቱ

ሞሮኮንና ስፔንን የሚለየው ባሕር ጠባቡ ቦታ ላይ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትክክለኛ ፓስፖርት ያለው ሰው ከታንጀር ታሪፋ በመርከብ በአንድ ሰዓት ገደማ ይሻገራል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዲስከቨር ኢዩ» በሚባል ፕሮግራም አመልክተው ለተመረጡ የ18 ዓመት ልጆች ነፃ የባቡር ትኬት ይሰጣል። እስከ 30 ቀን ከጓደኞቻቸው ጋር አገር ይዞራሉ። መንግሥት ራሱ «ሂዱ፣ እዩ» እያለ ይልካቸዋል ማለት ነው።

የእስቴ ልጅ ያንኑ ባሕር በሕጋዊ መንገድ ልይ ቢል ምን ይጠብቀዋል? በ2016 መጨረሻ የመደበኛ ፓስፖርት ክፍያ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ገብቷል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከልም ብሩ አይመለስም። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የሚያርፍበት ቦታ ማረጋገጫ ይጠየቃል። አባቱ ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ልጅ ይሄን ከየት ያመጣል?

በዚያ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። በሚያዝያ 2016 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። በአንድ ቪዛ ደጋግሞ መግባት ቀረ፤ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ምክንያቱ ምን ነበር መሰላችሁ? «አውሮፓ ውስጥ መኖሪያ የተከለከሉ ዜጎቹን ኢትዮጵያ ለመቀበል በቂ ትብብር አላደረገችም» የሚል ነው። ልብ በሉ፦ ያለ ወረቀት በገባው ሰው ሰበብ የተቀጣው በወረቀት ልሂድ ብሎ የተሰለፈው ነው። ሕጋዊው በር በጠበበ ቁጥር ደግሞ የሚደሰተው ደላላው ነው።

ለምን ይወጣሉ?

«ሰነፍ ስለሆኑ» የሚል ካለ አካባቢውን አያውቀውም። ጋይንትና ስማዳ ከ1997 ጀምሮ በሴፍቲኔት ሲደገፉ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ አፈሩ ታጥቧል፣ ለአባት ያልበቃው ማሳ ለአምስት ልጅ ሊከፋፈል አይችልም። ከዚህ የወጣ ጎልማሳ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መንገድ አለ፦ በወቅቱ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ማረምና ማጨድ። ይሄም ጉዞ የቡድን ጉዞ ነው። የአንድ ቀበሌ ልጆች ተጠራርተው ይወርዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አንዱ ወባ ሲይዘው ሌላው ያስታምመዋል፣ ብሩን ይዘው አብረው ይመለሳሉ።

«አብረን ነን» የሚለው እምነት ከዚህ የመጣ ነው። የአባቶቻቸው ልምድ ነው፤ ለዘመናትም ሠርቷል።

ትምህርቱስ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው ተማሪ በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ ነበር። ከ100 ልጅ ከ90 በላይ የሚሆነው «አላለፍክም» ተብሎ ቤቱ ይመለሳል። ቤቱ ሲመለስ ደግሞ የሚጠብቀው ጦርነት ነው። ሐምሌ 28፣ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በክልሉ ያለውን ታውቁታላችሁ። የተዘጉ ትምህርት ቤቶች፣ ለወራት የተቋረጠ የሞባይል ኢንተርኔት፣ ዛሬ ተከፍቶ ነገ የሚዘጋ መንገድ። ወጣት መሆን ብቻውን ጥርጣሬ የሚያመጣበት ጊዜ ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ለልጁ «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ምክር አይሆንም።

ደላላው የሚሸጠው ጓደኝነትን ነው

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ደላላ ሲባል ብዙዎቻችን ጥቁር መነፅር ያደረገ ባዕድ ሰው ነው የሚታየን። ብዙ ጊዜ ግን ደላላው የሚመጣው በምናውቀው ሰው በኩል ነው። አብሮን የተማረ፣ ከኛ ቀድሞ መተማ የወረደ፣ «እኔ እዚህ ነኝ፣ ና» ብሎ በኢሞ የደወለ ልጅ።

የሚቀርበው ሒሳብም ቀላል ነው፦ «አራት ሰው ካመጣህ አንተ በነፃ ትሄዳለህ።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጓደኛ ወደ መልማይነት ይቀየራል። ልጁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ብር ስለሌለው ነው። እሱ ደግሞ የሚያሳምነው የሚያምኑትን ሰዎች ነው፤ ማንንም ሌላ ማሳመን አይችልም። ለዚህ ነው ሰንሰለቱ ከአንድ ሰፈር፣ ከአንድ ክፍል ልጆችን እያከታተለ የሚወስደው።

ሌላ ጥያቄ አለ። «አሁን ምንም አትከፍልም፣ ስትደርስ ትከፍላለህ» የሚል ነጋዴ ምኑን ተማምኖ ነው በዱቤ የሚጭነው? መልሱ መራራ ነው። የተማመነው አንተን ነው። ሊቢያ ስትደርስ መያዣው ራስህ ነህ፣ ከፋዩ ደግሞ ቤተሰብህ ነው።

ሰሊጥ ላይ የሠራው አብሮነት እዚያ አይሠራም። በረሃው ላይ ሰው የሚጫነው መኪናው በያዘው ልክ ነው፤ ማን ከማን ጋር እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ሴቶች ከወንዶች ይለያሉ። ባኒ ዋሊድ ወይም ኩፍራ መጋዘን ውስጥ የሚወጣው ቀድሞ የተከፈለለት ነው። የአንዱ አባት ሁለት በሬ ይሸጣል፤ የሌላው እናት የምትሸጠው ዶሮ ብቻ ነው። አብረው የወጡት በዚያች ቅጽበት ይለያያሉ። የተከፈለለት ጓደኛውን ጥሎ ይወጣል። ቢፈልግም መቅረት አይችልም፣ ቢቀርም አያድነውም። ከዚያ ተርፎ የደረሰው ልጅ ዕድሜ ልኩን ይሄን ይዞ ይኖራል።

ይሄ ወሬ አይደለም፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። ባኒ ዋሊድ ላይ ስደተኛ በማጎርና በማሰቃየት ስማቸው ከሚነሳው መካከል «ዋሊድ» በሚል ስም የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶም በ2021 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ 18 ዓመት ተፈርዶበት በቀጣዩ ዓመት ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጥቷል። ሌላው ኪዳኔ ዘካርያስ በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከፍርድ ቤት አምልጦ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ሱዳን ላይ ተይዟል። አለቆቹ ታሰሩ፤ ንግዱ ግን አልቆመም። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ኩፍራ ላይ የታሰረች የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊት ፎቶ 6,000 ዶላር ተጠይቆባት በየስልካችን ሲዞር ያየን እኛው ነን።

ያልረሳናቸው ቀኖች

መስከረም 23፣ 2006፦ ላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ጀልባ ተቃጥሎ ሰጠመ። ከ360 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ።

ሚያዝያ 10፣ 2007 ሌሊት፦ ከሊቢያ የተነሳ ሌላ ጀልባ ተገለበጠ። በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ግምት 800 ገደማ ሰው ሞተ።

በማግስቱ፣ ሚያዝያ 11፦ አይኤስ ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን የገደለበትን ቪዲዮ ለቀቀ። አገር ለሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። ከሟቾቹ ሁለቱ የአዲስ አበባ ቂርቆስ ልጆች፣ የአንድ ሰፈር ጓደኛሞች ነበሩ። አብረው ያደጉ፣ አብረው የወጡ። ሐሳባቸው ጣሊያን መግባት ነበር።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሜዲትራኒያን ላይ የሞተው ወይም የጠፋው ሰው፣ የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት አይኦኤም መዝግቦ እንዳለው፣ ከ30,000 በላይ ነው። ይሄ የተመዘገበው ነው፤ ሰሃራ ላይ አሸዋ የበላውን በትክክል የቆጠረ የለም።

አሁን ደግሞ መንገዱ ከፍቷል

ሚያዝያ 7፣ 2015 ሱዳን ጦርነት ውስጥ ገባች። ድሮ ካርቱም ደርሶ ሻይ ቤት ወይም ቀን ሥራ እየሠሩ ብር ማጠራቀም ይቻል ነበር፤ ለብዙ ልጅ መተንፈሻው እሱ ነበር። ያ ቦታ የጦር ሜዳ ሆነ። ከጎንደር መተማ ያለው መንገድም በእገታ የሚታወቅ ነው። ማለትም «ቤዛ ክፈሉ» የሚለው ስልክ ሊቢያ ሳይደርሱ፣ ገና አገር ውስጥ ሊደወል ይችላል።

ባሕሩ ላይ ከወጡ በኋላም አላለቀም። ጣሊያን በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ከሊቢያ ጋር ስምምነት ከፈረመች ወዲህ የሊቢያ ባሕር ጠባቂ በአውሮፓ ገንዘብና መርከብ ጀልባዎችን እየያዘ ይመልሳል። በ2024 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ20,000 በላይ ሰው ባሕር ላይ ተይዞ ወደ ሊቢያ ተመልሷል። የተመለሰው ሰው ወደ እስር ቤት ይገባል፤ ብዙ ጊዜም እንደገና ለቤዛ ይዳረጋል። አንዴ የከፈለ ቤተሰብ ሁለተኛ ይከፍላል።

እውነቱን ለመናገር የሚደርስ አለ። ደርሶ ቤተሰቡን የለወጠም አለ፤ ይሄን ብንክድ አታምኑንም። ግን ይሄን አስቡት፦ የደረሰው ልጅ ሚላኖ አደባባይ ላይ ቆሞ ፖስት ያደርጋል። ያልደረሰው ፖስት አያደርግም። ስልካችን ላይ የምናየው የተረፈውን ብቻ ነው። በዚያ ብቻ «ሁሉም እየደረሰ ነው» ብለን ሒሳብ ከሠራን ሒሳቡ ከመጀመሪያው ተሳስቷል።

ታዲያ ምን ይሁን?

ለመሄድ የምታስቡ ጓደኛሞች ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን በግልጽ ተነጋገሩ፦

👉 የአንዳችን ቤተሰብ ብቻ መክፈል ቢችል ምን እናደርጋለን? ይሄን ጥያቄ ማንም ደፍሮ አያነሳውም፤ መጋዘኑ ግን ያነሳዋል።

👉 ከመካከላችን በነፃ የሚሄድ ሰው አለ? ካለ ለምን? ሕጉም እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚመለምለውንና የሚያሻግረውን ይቀጣል። ጓደኛ ያመጣ ልጅ «እኔ ደላላ አይደለሁም» ማለቱ ላያድነው ይችላል።

👉 «እኔ ልቅር» የሚል ቢኖር እናፍርበታለን ወይስ እንሰማዋለን? ቡድን ድፍረት እንደሚሰጥ ሁሉ አፍም ይዘጋል። ፈርቶ ዝም ያለ ልጅ በየቡድኑ አለ።

👉 ለመንገዱ የሚወጣው ብር አምስታችንን እዚሁ ወይም አዲስ አበባ ምን ያሠራናል? ለአንዱ ማስለቀቂያ የሚጠየቀው ብቻ በሺዎች ዶላር ነው። የሰሊጥ ጓደኝነት እቁብ መሆን ይችላል፤ የጋራ ወፍጮ፣ የጋራ ባጃጅ፣ የድንችና የገብስ ንግድ መሆን ይችላል። ቀላል ነው አንልም። መንገድ በተዘጋበት ንግድ ከባድ ነው። ግን ከከሰረ የሚጠፋው ብር ነው፤ ጓደኛ አይጠፋም።

ለሚመለከታቸው ደግሞ፦ ደላላ ማሰር ብቻ መንገዱን አይዘጋውም። ወጣቱ የሚፈልገው በሰላም ተንቀሳቅሶ የሚሠራበት አገር፣ ፈተና ለወደቀው 90 በመቶ የሚሆን የሙያ ትምህርት፣ ወረፋውና ዋጋው የማያስመርር ሕጋዊ የውጭ ሥራ ስምሪት ነው። አውሮፓም ለራሱ ልጆች ትኬት እየሸለመ ለኛ ልጆች የቀረለትን አንድ ሕጋዊ በር እያጠበበ «ስደትን እየተከላከልኩ ነው» ሊለን አይችልም።

ጓደኛን ይዞ ዓለምን ማየት መፈለግ ኃጢአት አይደለም። የጋይንት ልጅ የሚፈልገው የበርሊን ልጅ የሚፈልገውን ነው። ከጓደኛው ጋር ሄዶ ከጓደኛው ጋር መመለስ ይፈልጋል። የመተማው መንገድ ይሄን «መመለስ» አይሸጥም፤ ደላላውም ስለሱ አንድ ቃል አይናገርም።

እናንተስ? በአካባቢያችሁ አብረው ወጥተው ተለያይተው የቀሩ አሉ? የሰው ስም ሳትጠቅሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ይሄን ጽሑፍ ደግሞ አሁን «ልንወጣ ነው» እያለ ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።