ስኳር ድንች ጨው ይገባዋል

ሰሞኑን የጥበብ ወዳጆች በተሰበሰቡበት አንድ የቡና ጠረጴዛ ዙሪያ ስለ ስኳር ድንች ባነሣ ተሣቀብኝ። ነገሩ ቀላል ነበር። «ቅዳሜን ምን ስትሠራ ዋልክ?» ተባልሁ፤ «ስኳር ድንች በበርበሬና በአይብ ደርድሬ በኦቨን ስጋግር» አልሁ። ግጥም ስጽፍ ዋልሁ ብል ኖሮ ማንም አያምነኝም ነበር፤ ግን ማንም አይሥቅም ነበር። አንዱ ወዳጄ «ጣፋጭን ከበርበሬ ጋር ማጋባት ነውር ነው» ሲል ፈረደ። ሁለተኛው «ደመወዝ አልገባም እንዴ? እሱ እኮ የችግር ቀን ምግብ ነው» ብሎ ጨመረ። ሦስተኛው፣ ከሁሉ ይልቅ የከነከነኝ እርሱ ነው፣ «እንግዲህ ባለቅኔያችን ድስት ውስጥ ገባ» ብሎ አላገጠ። ለሦስቱም በዚያ ሰዓት መልስ አልሰጠሁም። ክርክር ሲሞቅ ዝም የምል፣ ቤቴ ገብቼ የምመልስ ሰው ነኝ። እነሆ ቤቴ ገብቻለሁ።

ከቃሉ ልጀምር። «ጣፋጭ» የሚለውን ቃል ዛሬ ስኳር ብቻውን የወረሰው ይመስላል፤ ኬክ ቤት፣ ከረሜላ፣ ለስላሳ መጠጥ ወደ አእምሯችን የሚመጡት በዚህ ቃል ነው። ቋንቋችን ግን እንዲህ አላለም። «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ተብሎ የተመከረው ማን ነው? ጨው እንጂ ስኳር አይደለም! ወጥ ጣፈጠ ስንል ማር ገባበት ማለታችን ነውን? እናቶቻችን ማጣፈጫ ብለው በብልቃጥ የሚያኖሩት ኮረሪማን፣ ጥቁር አዝሙድን፣ በሶብላን አይደለምን? በአማርኛ መጣፈጥ ማለት አንድ ነገር ሊሆን የሚገባውን ያህል ሆኖ መገኘት ነው። ወንጂ ላይ የስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጨው ግን ከዚያ ብዙ ዘመን በፊት አሞሌ ሆኖ ገበያችንን ያገበያየ ገንዘብ ነበር። ቀኑን ሙሉ ብር ስቆጥር የምውል ሰው ነኝና ይህቺን ሳልጠቅስ ማለፍ አልቻልሁም። እናም ወዳጄ ሆይ፣ ስኳር ድንችን ከጨውና ከበርበሬ ጋር ሳገናኘው ነውር አልሠራሁም፤ ቃሉን ወደ ቀድሞ ባለቤቱ መለስሁት እንጂ።

ቀጥሎ ስሙ። ይህ ሥር ሁለት ቃል ስም ተሸክሟል፤ ሁለቱም አይመጥኑትም። ድንች አይደለም። ድንች የቲማቲምና የቃሪያ ዘመድ ነው፤ ጀርመናዊው ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን አስገባው ይባላል። ስኳር ድንች ግን ማለዳ ከሚፈኩት የሐረግ አበቦች ወገን ነው፤ አበባውን ያየ ሰው ይህን አይስትም። ሁለቱም ከአሜሪካ ምድር ከመነሣታቸውና ከመሬት ተቆፍረው ከመውጣታቸው በቀር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የሚደንቀው ደግሞ ይህ ሥር ኮሎምበስ መርከቡን ሳያነሣ ገና ዱሮ የፓስፊክን ውቅያኖስ ተሻግሮ በደሴቶቹ ላይ ይተከል ነበር። የኒውዚላንድ ማኦሪዎች «ኩማራ» ይሉታል። በዚያ ስም ውስጥ ስኳርም የለ፣ ድንችም የለ። ራሱን የቻለ ሥር፣ ራሱን የቻለ ስም። እኛ ግን ገና ከመጀመሪያው በሌላ ሰው ስም ጠራነው፤ ከፊቱም «ስኳር» የሚል ቅጽል ለጥፈን ከምሳ ጠረጴዛ አስነሣነው። ለሕፃን መክሰስ ይሆናል አልነው፤ በመንገድ ዳር ተቀቅሎ ይሸጥ አልነው፤ ወጥ አይገባውም አልነው።

የዚህ ቅጽል መጨረሻ የት እንደሚያደርስ ማየት የሚፈልግ ወደ አሜሪካ ይመልከት። እዚያ በኅዳር ወር የምስጋና በዓላቸው ላይ ከቱርክ ሥጋው ጎን «ካሰሮል» የሚሉት አለ፤ በጎድጓዳ ሳህን ተደርድሮ ወይም ተፈጭቶ በኦቨን የሚበስል ምግብ ነው፤ ላዛኛን ያየ ሰው ቅርጹ አይቸግረውም። የስኳር ድንቹን ካሰሮል ግን በስኳርና በቅቤ ያሹታል፤ ከላዩም ማርሽማሎ የሚባለውን እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ከረሜላ ያለብሱታል። ይህ ልማድ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ እንዳይመስላችሁ። በ1917 እ.ኤ.አ. አንድ የማርሽማሎ አምራች ኩባንያ ጃኔት ማኬንዚ ሂል የተባለችውን የምግብ ጸሐፊ ቀጥሮ፣ ከረሜላው በቤተሰብ ማዕድ ላይ እንዲወጣ የሚያደርግ የአሠራር መጽሐፍ አስጻፈ፤ ማርሽማሎ የለበሰው ስኳር ድንች የተስፋፋው በዚያ ነው። ማስታወቂያ ነበር፤ ባህል ሆነ። ሜሪላንድ የምትኖር የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ የቀመሰች ቀን «ዋናውን ምግብ ሳልበላ ማሳረጊያውን ያቀረቡልኝ መሰለኝ» ብላ ደውላልኛለች። በዓመቱ የራሷን በአዋዜና በቀይ ሽንኩርት ጋግራ ይዛ ሄደች። ኦቨን ውስጥ የመደርደሩን ነገር የተማርሁት ከእርሷ ነው፤ ውለታዋን መደበቅ አልፈልግም።

ማርሽማሎ ስል ግን አሜሪካኖችን ብቻ እየከሰስሁ አይደለም። በዚህ ገጽ ላይ የምናወጣቸውን ግጥሞች ስታነቡ ጥርሳችሁን አያማችሁም? ማር፣ ወለላ፣ ከንፈር፣ ጨረቃ… አንዱ በአንዱ ላይ ተከምሮ ከሥሩ ያለው ሥር እንኳ አይታይም። የራሴን የመጀመሪያ ደብተር ባለፈው ገልጬ «ማር» የሚለውን ቃል ቆጠርሁ፤ መቁጠር ሙያዬ ነው፤ ሠላሳ ሰባት ጊዜ አገኘሁት። በሠላሳ ሰባቱ ቦታ አንድም ንብ የለችም! ድስት ውስጥ ገባ ላልከኝ ወዳጄ መልሴ ይኸው ነው፤ ድስቱ ውስጥ ብገባ ጨው ምን እንደሚሠራ እማራለሁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሣቅ ልምጣ። እርሱን በቀላሉ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ያን ቀልድ የፈጠርሁት እኔ ነኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ በምሠራበት ቅርንጫፍ አንድ ገንዘብ ከፋይ ነበሩ፤ አሁንም አሉ። የወላይታ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ምሳ የምንበላው ከኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። ጋሼ የምሳ ዕቃቸውን ክዳን ወደ እኛ አቁመው ከልለው ይበሉ ነበር። አንድ ቀን አንገቴን አስግጌ አየሁ፤ የተቀቀለ ስኳር ድንች፣ ከጎኑ ዳጣ። እኔም ሰው ለማሣቅ ስል «ጋሼ፣ ደመወዝ እኮ ከገባ ገና ሦስት ቀኑ ነው!» አልሁ። ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ጋሼም ሣቁ፤ ክዳኑን ግን ገጠሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ስኳር ድንች ወደ ቅርንጫፋችን አልገባም። እንደ ሁላችንም እንጀራ ይዘው ይመጣሉ፤ ክዳናቸውንም አያቆሙም።

የችግር ቀን ምግብ አልን። አዎን፣ በወላይታና በዙሪያው በቆሎው ሳይደርስ በፊት ባሉት የጥበት ወራት ቤተሰብን የሚያሻግረው ይህ ሥር ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ዝናቡ ቀርቶ ስኳር ድንቹ ሲጠፋ በደቡብ የደረሰውን የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ ምድሩ ለምልሞ ሕፃናት የተራቡበት ስለ ሆነ «አረንጓዴ ረሃብ» ተባለ። በችግር ቀን ያልከዳን ምግብ በጥጋብ ቀን የምንሣቅበት በየትኛው ፍርድ ነው? ለሰው እንዲህ ብናደርግ ውለታ ቢስ እንባላለን።

ደግሞም የውጭ ሰው ሲያከብረው ካልሆነ የራሳችንን ለማናከብር ለእኛ ይህን ልጨምር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ሰዎች ሦስቱ፣ ማሪያ አንድራዴ፣ ሮበርት ሙዋንጋና ጃን ሎው፣ የተሸለሙት በብርቱካንማው ስኳር ድንች ሥራቸው ነው። ብርቱካንማ ቀለሙ ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ አያቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ሕመም አንዱ መነሻው ይኸው ነው። በአገራችንም ኩልፎና ቱላ የሚባሉ ብርቱካንማ ዝርያዎች ወጥተዋል። ታዲያ ይህ ንጥረ ነገር ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው፤ ብቻውን ተቀቅሎ ለልጅ ከሚሰጥ ይልቅ ቅቤ ጠብ ያለበት ይበልጣል። ከቅቤ ጋር ደግሞ ጨውና በርበሬ እንጂ ስኳር አይሄድም። ክርክሬን ቅቤም መሰከረልኝ ማለት ነው።

አሠራሩን ሳልነግራችሁ ብሄድ ወዳጆቼ በወሬ ብቻ አሸነፈን ይላሉ። ለስድስት ሰው አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር ድንች ይበቃል፤ ነጩ ቢሆን ደረቅና ዱቄታም ስለ ሆነ ቅርጹን ይይዛል፤ ብርቱካንማው ይለሰልሳል፤ እኔ ግማሽ በግማሽ እቀላቅላለሁ። ልጣጩን ልጦ በእርሳስ ውፍረት በክብ መቁረጥ። እዚህ ላይ የነገሩ ምሥጢር አለ። ይህ ሥር ጣፋጭነቱን ሁሉ ከማሳ ይዞ አይመጣም፤ ውስጡ ያለው አሚሌዝ የሚባል ኤንዛይም፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ስታርቹን ማልቶስ ወደሚባል ስኳር ይቀይረዋል። በረመጥ ውስጥ ቀስ ብሎ የተጠበሰው እንደ ማር የሚሆነው ለዚህ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ግን ኤንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ይከስማል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ውኃ ጥዳችሁ አታሙቁት፤ ጨው ያለበት ውኃ ፍልቅልቅ ሲል የተቆረጠውን በአንድ ጊዜ ክተቱት፤ በአምስት ደቂቃ አውጥታችሁ አጥልሉት። ከስሙ ላይ «ስኳር» የሚለውን ቅጽል በገዛ እጃችሁ ገፈፋችሁት ማለት ነው።

ቁሌቱ የምታውቁት ቁሌት ነው፤ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት ደቆ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ከዚያ ዘይት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሦስት ቲማቲም። አትቸኩሉ፤ በርበሬው ሳይበስል ከወጣ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ጨምቁበት፤ ኮምጣጣው የተረፈውን ጣፋጭነት ይገራል። ጎመን ተቀቅሎ፣ ውኃው በእጅ ተጨምቆ ይከተፍ። አይቡ እንደ ፈረንጅ አይብ አይቀልጥም፤ ስለዚህ በሁለት እንቁላል መትታችሁ ኮረሪማና ጨው ጨምሩበት። በቅቤ በታሸ ፓትራ ውስጥ ስኳር ድንች፣ ቁሌት፣ ጎመን፣ አይብ፤ እንደገናም እንዲሁ፤ ከላይ በንጥር ቅቤና በጥቁር አዝሙድ የታሸ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪ። አስቀድሞ በጋለ 200 ዲግሪ ኦቨን አርባ ደቂቃ ያህል። መብራት ከጠፋ፣ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ፣ በብረት ድስት ከሥር ከሰል ከክዳኑ ላይ ፍም አድርጋችሁ እንደ ድፎ ዳቦ ጋግሩት። ለጾም አይቡና እንቁላሉ ቀርቶ ወፍራም ሽሮ፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት። ከኦቨን እንደ ወጣ አትቁረጡት፤ ሩብ ሰዓት ይረፍ፤ አለዚያ ይናዳል። የመጀመሪያው የእኔ ተንዶ በጭልፋ ነው የበላሁት።

ሁለተኛውን ግን በፓትራው እንዳለ ጠቅልዬ ባለፈው ዓርብ ወደ ሥራ ይዤ ሄድሁ። ምን እንደ ሆነ አልተናገርሁም። ላዛኛ መስሏቸው ቆረሱ። ከብድር ክፍል ያለችው ልጅ ሁለት ጊዜ ደገመች። «ምንድን ነው?» ሲሉኝ ነገርኋቸው። አንዱ ሹካውን አስቀመጠ፤ እውነቴን ነው፣ አፉ ውስጥ ያለውን እንኳ ለመዋጥ አመነታ፤ ከደቂቃ በፊት ግን ያሞግስ የነበረው እርሱ ነበር። ምላሱ ወዶት ስሙን ሲሰማ ጠላው።

ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳህን ይዤላቸው ሄድሁ። ቀስ ብለው በሉ፤ ከታች ያለውን ስኳር ድንች በሹካው ለይተው ብቻውን ቀመሱት። ስለዚያች ቀን ይቅርታ ልጠይቃቸው ቃል ስፈልግ እርሳቸው ቀደሙኝ።

«ጨው ያንሰዋል» አሉ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ዳጣ ቢኖረው ደግ ነበር። ሰኞ ይዤልህ እመጣለሁ።»

ሰኞ አላመጡም። ረስተውት ይሆናል፤ እኔም ለማስታወስ አፈርሁ። ዛሬ ሐሙስ ነው።