ጦርነት ሲቀርብ ማን ይቆጥራታል?

ጦርነት በቀረበበት ከተማ ቤተሰብ ያለው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የራሱን ሰዎች ይቆጥራል፤ ልጆቹ ገብተዋል ወይ፣ ወንድሙ ከሥራ ወጥቷል ወይ፣ ጎረቤት ያሉትን አሮጊት ማን ይዟቸዋል ይላል። ብቻዋን በሰው ቤት የምትኖረው እህታችን ግን የምትቆጥረው ሰው በአጠገቧ የለም፤ እርሷንም የሚቆጥራት የለም። ስለ ሚሳኤሎቹ ርቀትና ስለ ተደራዳሪዎቹ ማንነት በየቀኑ እንሰማለን። ስለዚህች ሴት የሚነገረው ግን ብዙውን ጊዜ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ሊባኖስን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 23 ቀን 2024 እስራኤል በደቡብ ሊባኖስና በበቃ ሸለቆ ላይ በፈጸመችው የአየር ድብደባ በአንድ ቀን ከ500 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ወደ ሰሜን የሚወስዱት መንገዶች በሚሸሹ መኪኖች ተጨናነቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ከኢትዮጵያ፣ ከሴራሊዮን፣ ከባንግላዴሽና ከሌሎች አገሮች የመጡ የቤት ሠራተኞች በቤይሩት የባሕር ዳርቻና በየአደባባዩ ሲያድሩ ታዩ። አሰሪዎቻቸው ትተዋቸው ሄደው ነበር። በር ተቆልፎባቸው ቤት እንዲጠብቁ የተደረጉም ነበሩ፤ ይህንኑ ዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት በወቅቱ በይፋ ተናግሯል። መንግሥት የከፈታቸው 900 ገደማ መጠለያዎች አብዛኞቹ ሞልተው ነበር፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የውጭ ዜጎችን አላስገቡም። ለብዙዎቹ ሴቶች የደረሱላቸው በጎ ፈቃደኞችና እርስ በርሳቸው የተጠራሩ ስደተኞች ናቸው።

ለእውነት ስንል ይህንም እንጨምር፦ ሠራተኛቸውን እንደ ልጃቸው በመኪናቸው አሳፍረው የሸሹ ሊባኖሳውያን ቤተሰቦች ብዙ ነበሩ። ነገር ግን የአንድ ሰው ነፍስ በአሰሪው ደግነት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ችግሩ ከሥርዓቱ እንጂ ከግለሰቡ አይደለም። በከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሰሪ ጋር የታሰረ ነው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ ደግሞ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በሰላሙ ጊዜ ፓስፖርቷ በማዳም መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ የተለመደ ነገር ይመስላል፤ «እንዳይጠፋባት ነው»፣ «ብዙ ገንዘብ አውጥቼ ነው ያስመጣኋት» ይባላል። ቦምብ በሚወርድበት ሌሊት ግን ያ መሳቢያ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። አሰሪው ሲሄድ ፓስፖርቱ አብሮ ይሄዳል። የጄኔሬተሩ መብራት ይቆማል፣ ከመብራቱም ጋር ስልኳ ይጠፋል።

ጉዳዩ የቤይሩት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2025 እስራኤል በኢራን ላይ በከፈተችው ጥቃት የተጀመረው የ12 ቀናት ጦርነት ወደ ባሕረ ሰላጤው መጠጋቱ አልቀረም። ጁን 23 ቀን ኢራን በኳታር የሚገኘውን የአል ኡደይድ የጦር ሰፈር በሚሳኤል ስትመታ በርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የአየር ክልላቸውን ለጊዜው ዘግተው ነበር። የሞተ ሰው ባይኖርም፣ «ነገሩ ከከፋ ወደ አገሬ እገባለሁ» የሚለው የስደተኛ መጽናኛ የተከፈተ ሰማይ እንደሚያስፈልገው በዚያች ሌሊት ታይቷል።

«ታዲያ ለምን ቀድመው አይመለሱም?» የሚሉ አሉ። ይህን የሚጠይቅ ሰው የደላላ ዕዳ ተሸክሞ የማያውቅ ነው። ያልተከፈለ የወራት ደመወዝ አለ፣ የመውጫ ፈቃድ አለ፣ ወንድም የሚማርበት ገንዘብ አለ። እናት በስልክ «ልጄ፣ ነይ» ስትል ልጅ «እኛ ጋ ሰላም ነው» ትላለች፤ ሁለቱም የሚደባበቁትን ያውቃሉ።

እንደ ሙስሊም ማኅበረሰብ በእጃችን ያለውን መመርመር ይገባናል። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱ አት-ተውባህ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ «ኢብኑ ሰቢል»፣ ማለትም መንገድ ላይ የቀረ መንገደኛ መሆኑን ይደነግጋል። በአገሩ ሀብት ቢኖረው እንኳ በሰው አገር ከተቆረጠበት ድርሻ እንዳለው ዑለማዎች አስረድተዋል። በጦርነት ከተማ ያለ ፓስፖርትና ያለ ደመወዝ የቀረች ሴት ከዚህ በላይ ምን ትሁን? ክርስቲያን ለሆነችው እህታችንም ቢሆን የሰደቃ በር ክፍት ነው። ሰሓባዎች በ615 ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ንጉሥ ነጃሺ እንግዶቹን ለቁረይሽ መልእክተኞች አሳልፎ አልሰጠም፤ የተቀበላቸውም የእርሱን ሃይማኖት ስለሚከተሉ አልነበረም።

እኛ ለሞተ ሰው ለማዋጣት ፈጣኖች ነን። በሕይወት ላለችው ቀድሞ መዘጋጀት ላይ ግን እንዘገያለን። ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች የየራሳቸው ኃላፊነት አለባቸው፤ ይሁን እንጂ በር ተዘግቶባት የምትውለውን ሴት ከማንም በፊት የምታውቃት ጁምዓ ቀን መስጊድ የምትመጣው የአገሯ ልጅ፣ ወይም በረንዳ ለበረንዳ የምትነጋገራት ጎረቤቷ ናት። በየከተማው ያለው ጀመዓችን ስሟን፣ የትውልድ ወረዳዋን፣ የምትሠራበትን ሰፈርና አገር ቤት የሚደወልበትን አንድ ስልክ ቁጥር አሁን፣ ሰላም ሳለ፣ ይመዝግብ። ፓስፖርቷና ኢቃማዋ በስልክ ፎቶ ተነሥተው በአንድ የታመነች እህት ዘንድ ይቀመጡ። መዝገቡም በሴቶቹ እጅ ይሁን፤ ደላላም አሰሪም አይየው።