አፑ ስታክ ሲያደርግ «ዳታውን አጥፋው» የሚላችሁን አትስሙ

ስልኩ ሌሊት አፕዴት ያደርጋል፤ ጠዋት የማስታወሻው አፕ ስታክ ብሎ ይቀራል። ወዳጅ ነኝ ባይ ተቀብሎ «ክሊር ዳታ» ይነካል ወይም አፑን አጥፍቶ ይጭናል። አፑ ይከፈታል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ይህ ጥገና አይደለም፤ የነጋዴ ደብተር ማቃጠል ነው!

ለእኛ ማስታወሻ የዱቤ መዝገብ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በአንድ ዶላር 177.721 ላይ ቆሟል። ብሩ ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ይሄዳል። ድሬዳዋ በብር ገዝቶ ማህሙድ ሀርቢ አደባባይ በፍራንክ በዱቤ የሚሸጥ ሰው የዕለቱ ምንዛሪ ከጠፋበት በምን ይከራከራል?

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንያዝ። መጀመሪያ ስልኩን አጥፍቶ ማብራት። ቀጥሎ «ፎርስ ስቶፕ»፣ ከዚያ «ክሊር ካሽ»፤ ካሽ ጽሑፍ አይነካም። ስልኩ ሞልቶ ከሆነ ቪዲዮ መቀነስ፤ አፑንም ከፕሌይ ስቶር ማደስ። «ክሊር ዳታ» ወይም «ክሊር ስቶሬጅ» ግን ወደ አካውንታችሁ ያልተላከውን ሁሉ ይወስዳል። መላኩን በሌላ ስልክ ገብታችሁ ሳታዩ አትንኩት። ካርድ ለመቆጠብ ኢንተርኔት የምንዘጋ ሰዎች ደግሞ ብዙው ጽሑፋችን አልተላከም።

«ወረቀትም ይጠፋል» ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ግን ወረቀት ሌሊት ራሱን አፕዴት አያደርግም። ማታ ማታ ስምና ሒሳቡን ደብተር ላይ መገልበጥ አምስት ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ የሰነፈ ዱቤውን ይመርቃል።