ለልዩ ልዩ ኮምፒዩተር የሚያገለግል ዲስክ ስለ ማሰናዳት

በአንድ ቤት ውስጥ አባት ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር ሲሠራ፥ ልጅ ደግሞ በማክ ሲማር ማየት ዛሬ የተለመደ ነው። የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍና ጽሑፍ ግን በአንድ ውጫዊ ዲስክ ተከማችቶ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል። እኛም በቅርብ ጊዜ የሟች አባታችን ድምፅ ያለበትን፥ በማክ የተሰናዳውን ዲስክ ከዊንዶውስ ጋራ ባገናኘነው ጊዜ፥ በዲስኩ ለመጠቀም አስቀድሞ ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል የሚል ቃል ወጣ። የምክር ቃል መስሎን እሺ ልንል ስንል ልጃችን ከለከለን።

ፎርማት ማድረግ ማለት ደብተርን እንደ ማስመርና ማውጫውን እንደ ማበጀት ያለ ነው። የተጻፈበት ደብተር እንደ ገና ሲሰመር ግን የፊተኛው ጽሑፍ እንደ ጠፋ ይቈጠራል። ኮምፒዩተሩ ያን ቃል ያወጣው ዲስኩ ተበላሽቶ ሳይሆን አሰማመሩን ስላላወቀው ነበር።

አሰማመሩም ብዙ ዐይነት ነው። ኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተባለው የዊንዶውስ ነው፤ ማክ ያነበዋል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም። ኤ ፒ ኤፍ ኤስ የተባለው የማክ ነው፤ ዊንዶውስ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አያነበውም። አሮጌው ፋት 32 ከሁሉም ጋራ ይስማማል፤ ነገር ግን እንደ ረዥም ፊልም ያለውን፥ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጠውን አንድ ፋይል አይቀበልም። ማይክሮሶፍት እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ያወጣው ኤክስፋት ግን ይህ ወሰን የለበትም፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል፥ ይጽፉበታልም። ሊኑክስም ከ2019 ጀምሮ ተቀብሎታል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ በመዠመሪያ በዲስኩ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ስፍራ ይገልብጡ፤ የተገለበጠውም በደኅና መከፈቱን ይመርምሩ። ከዚህ በኋላ በዊንዶውስ የዲስኩን ምልክት በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፎርማት» የሚለውን፥ በማክም «ዲስክ ዩቲሊቲ» ገብተው «ኢሬዝ» የሚለውን መርጠው፥ ከዐይነቶቹ ኤክስፋትን ይውሰዱ። ከማዘዝዎ በፊት የዲስኩን ስምና መጠን ሁለት ጊዜ ይመልከቱ፤ ሌላውን ዲስክ በስሕተት የመረጠ ሰው ጸጸት እንጂ ሌላ አያተርፍም።

ኤክስፋት በመጻፍ ላይ ሳለ በድንገት ቢነቀል በቀላሉ ይበላሻልና፥ ኮምፒዩተሩን በሥርዓት ሳያሰናብቱ ዲስኩን አይንቀሉ።

ዲስክ ምንም ቢሰናዳ ዕቃ ነው፤ ይወድቃል፥ ያረጃልም። ተተኪ የሌለውን የወላጆች ድምፅና መልክ በአንድ ዲስክ ብቻ አምኖ ማኖር ስለማይገባ፥ ሁለተኛ ቅጅ በሌላ ስፍራ እንዲቀመጥ እናሳስባለን።