የመጨረሻው ዙር ደርሶ የቀረ ልጅ ቤታችሁ አለ?



ዛሬ የምጽፈው ስለ ሥራ ፍለጋ ነው። «ሐኪም ስለ ሥራ ፍለጋ ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። ጨጓራዬን አመመኝ፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ ልቤ ይመታል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብለው የሚመጡ ወጣቶችን ረጋ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ከሕመሙ ጀርባ ብዙ ጊዜ የሥራ ጉዳይ ይወጣል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ «አንድ እርምጃ ሲቀረኝ» የሚለው ነው።

የዲዛይነሮችን ላንሳ፤ የግራፊክስ፣ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይን የሚሠሩትን። ወላጆች ሂደቱን ብዙም ስለማታውቁት ልንገራችሁ። ልጁ መጀመሪያ የሠራቸውን ሥራዎች ሰብስቦ፣ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን፣ ይልካል። ከወደዱት በስልክ ወይም በቪዲዮ ያነጋግሩታል። ቀጥሎ «እስቲ ይህን ሠርተህ አሳየን» ብለው የሙከራ ሥራ ይሰጡታል። ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተጎልቶ የሚያነጋው ለዚህ ነው። በመጨረሻም ብዙ ሰው ፊት ቀርቦ ለምን ይህን ቀለም፣ ለምን ይህን የፊደል ቅርጽ እንደመረጠ ያስረዳል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። ከዚያ «ስላመለከቱ እናመሰግናለን፤ ሌላ ሰው መርጠናል» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል ይመጣል። አንዳንዴ እሱም አይመጣም፤ ዝም ይሉታል።

ይህ በመጀመሪያው ማጣሪያ ከመውደቅ ይልቅ ያማል። ገና ሲጀመር የወደቀ ሰው ብዙ ተስፋ አልጣለም። መጨረሻ የደረሰው ግን በሐሳቡ ሥራውን ጀምሯል፤ ደመወዙን አከፋፍሎ ጨርሷል፤ ለእናቱ የሚገዛላትን እንኳ መርጧል። ዲዛይነር ሲሆን ሌላም ነገር አለ። ያቀረበው የትምህርት ማስረጃ ብቻ ሳይሆን ከራሱ ዓይንና እጅ የወጣ ሥራ ነው። ስለዚህ «ሌላ ሰው መርጠናል» የሚለውን «አንተ አትረባም» ብሎ ያነበዋል።

«ያማል» ስል ለማጋነን አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ሰዎች በአንጎል ምርመራ መሣሪያ ውስጥ ሆነው በኮምፒውተር ኳስ ይቀባበላሉ፤ ከዚያ ሌሎቹ ኳሱን ይከለክሏቸዋል። በዚያ ቅጽበት አካላዊ ሕመም ሲሰማን የሚነቃቃ አንድ የአንጎል ክፍል ነቅቶ ታየ። ንጽጽሩ እስከ የት እንደሚሄድ ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከሩበታል። ሆኖም ለጨዋታ ኳስ እንዲህ ከሆነ፣ ለሥራ እንዴት ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ልጁ ኢሜይሉን አንብቦ ገና ሳይቀመጥ የምንለው ይታወቃል፤ «ለበጎ ነው!» እምነትን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ልጁም ነገ ከነገ ወዲያ ራሱ ሊለው ይችላል። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሲባል ልጁ የሚሰማው «በቃ፣ ስለሱ አታውራ» የሚል ነው። እኛ ኀዘን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ለቅሶ ቤት ሄደን መጀመሪያ አጠገባቸው ቁጭ ነው የምንለው እንጂ «ተነሱ፣ ይበቃችኋል» አንልም። ለዚህ ልጅ ግን ሁለት ቀን እንኳ እንነፍገዋለን።

ሌላው «ሰው ስለሌለህ ነው» የሚለው ነው። አንዳንድ ቦታ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሳናውቅ ስንናገረው ልጁ ከእንግዲህ ቢሠራም ባይሠራም ለውጥ የለውም ብሎ እንዲቀመጥ እናደርገዋለን። «ድሮም ሥዕል ሥራ ነው እንዴ? አካውንቲንግ ተማር ብዬህ ነበር» የምትሉ አባቶችማ፣ እባካችሁ ይህንን ለራሳችሁ ያዙት። ይልቅ «ምን ሠርተህ ነበር? እስቲ አሳየኝ» በሉት። ባይገባችሁም እዩለት። ዘመድ ሲጠይቅ ምን እንዲባል እንደሚፈልግም ጠይቁትና ያንኑ መልሱ።

እናንተ ዲዛይነሮቹ ደግሞ፣ የመጨረሻው ዙር የደረሰ ሰው ሥራውን መሥራት ይችላል ተብሎ ነው የሚደርሰው። ከዚያ በኋላ የሚወስነው ብዙ ጊዜ እናንተ የማታዩት ነገር ነው። አንዱ ከዚህ በፊት የባንክ አፕ ሠርቶ ይሆናል፤ በጀት ተቀንሶ ይሆናል፤ ከውስጥ የታሰበ ሠራተኛ ይኖራል። ስለዚህ በዚያው ሌሊት ፖርትፎሊዮአችሁን አታፍርሱ። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ «ለማሻሻል የትኛውን አንድ ነገር ትመክሩኛላችሁ?» ብላችሁ በትሕትና ጻፉላቸው። ሦስት ቀጣሪ አንድ ዓይነት ነገር ካላችሁ አስተካክሉት። የአንድ ሰው አስተያየት ግን የአንድ ሰው አስተያየት ነው።

የተሰማችሁንም ጻፉት፤ ለማንም ሳይሆን ለራሳችሁ። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት፣ ከሥራ የተሰናበቱ ባለሙያዎች ለ5 ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ስሜታቸውን ጻፉ። ከወራት በኋላ ሲታይ ካልጻፉት ይልቅ በርከት ያሉት ሥራ አግኝተው ነበር። ወጪ የሌለው ነገር ስለሆነ መሞከሩ አይጎዳም። በጫት፣ በመጠጥና እስከ ንጋት ስልክ በመነካካት ለማለፍ መሞከር ግን ጭንቀቱንና የእንቅልፍ ችግሩን ያባብሳል። ጠዋት በታወቀ ሰዓት ተነስታችሁ ከቤት ውጡ።

ቀጣሪዎችም ይህን ታነቡ ይሆናል። ሦስት ዙር ያመላለሳችሁት ሰው አንድ የስልክ ጥሪ ይገባዋል። በነጻ ያሠራችሁትን ሥራ ወስዶ መጠቀም ደግሞ በእኔ እምነት ነውር ነው።

ማዘን በሽታ አይደለም። ነገር ግን ድብርቱ ወይም የፍላጎት ማጣቱ 2 ሳምንት ከደፈነ፣ አብዛኛውን ቀን፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ከቀጠለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ልጁ ለራሱ ደስታ ይሠራው የነበረውን ንድፍ እንኳ መንካት ከተወ፣ ወደ ሐኪም አምጡት። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። «አማኑኤል» የሚለውን የሆስፒታል ስም ሲሰሙ የሚደነግጡ ቤተሰቦች አሉ፤ እዚያ መታከም ሌላ ሆስፒታል ከመታከም አይለይም።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን 2 ሳምንት አትጠብቁ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አይጨምርበትም። ብቻውን አትተዉት፤ ቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝ ነክ ነገር ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።