ተባይ ማኅተም አይፈራም

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመጨረሳቸው በፊት በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ለተግባር ልምምድ እንደሚላኩ ሁላችንም የምናውቀው ነው። የእርሻ ትምህርት ከምንከታተለው መካከል ጥቂቶቻችን ባለፈው ክረምት የዕፀዋት ጤና ደንብና ፖሊሲ በሚዘጋጅበት አንድ ክፍል ሁለት ወር ቆይተን ተመልሰናል። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በመልካም ፊት ተቀብለውናል። ነገር ግን ያየነውን ሳንናገር ብንቀር፣ በሚቀጥለው ክረምት የሚሄዱት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ያንኑ ወንበር አሙቀው ይመለሳሉ።

ሥራችን ምን ነበር? የመግቢያ ፈቃድ ጥያቄዎችን በየቀናቸው መደርደር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ መገልበጥ፣ የሌሎችን አገሮች ደንብ ወደ አማርኛ መመለስ ነበር። የተባይ ሥጋት ትንተና የሚባለውንም ተምረናል፤ ይኸውም አንድ ተባይ በምን መንገድ ሊገባ እንደሚችል፣ ከገባም ሊራባ ይችል እንደ ሆነ፣ ምን ያህልም ጉዳት እንደሚያደርስ አስቀድሞ መመዘን ነው። ይህ ትልቅ ትምህርት መሆኑ አይካድም። ሆኖም በሁለቱ ወር ውስጥ አንድ ጆንያ እህል ሲፈተሽ፣ የአንድ ችግኝ ቅጠል ተገልብጦ ሲታይ አላየንም። በሩን ያላየ ዘበኛ ስለ በሩ ጥበቃ ደንብ ሲጽፍ ምን ይባላል?

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበን ከአገራችን ታሪክ እናስረዳ። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የቡናን ፍሬ የሚያደርቀው በሽታ በመጀመሪያ የታወቀው በኬንያ በ1922 ነበር። በኢትዮጵያ የታየው በ1971 ነው። የዕፀዋት ጥበቃ ድንጋጌ ቁጥር 56 የወጣውም በዚያው በ1971 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ያለው ነው። ከዚያ በኋላ ዋናው መንገድ በሽታውን የሚቋቋም ቡና መፈለግ ስለ ነበር፣ በጅማ የመልኮ ተመራማሪዎች በዚሁ ብዙ ደክመዋል። ጎረቤታችን ዘንድ አርባ ዘጠኝ ዓመት የቆየን በሽታ ግን ቀድሞ መጠበቅ ይገባ ነበር።

የዕፀዋት ኳራንቲን ደንብ ቁጥር 4 በ1992 ወጣ። ደንቡ ከወጣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ በምሥራቅ ወለጋ ነጭ የማንጎ ተባይ ተገኘ። ከውጭ አገር በመጣ ችግኝ ላይ ሆኖ እንደ ገባ ይታመናል። ከዚያ ወዲህ ተባዩ ወደ ብዙ የማንጎ አብቃይ ቦታዎች ተዛምቷል። እንግዲህ ደንብ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ቅጠሉን ገልብጦ የሚያይ ዓይን ነው። ፓርቴኒየም የተባለውም አረም ከእርዳታ እህል ጋር ሳይገባ እንዳልቀረ ብዙዎች ጽፈዋል። የሐረርጌ ገበሬዎች ፈረምሲሳ ብለው ሰይመውታል፤ መሬትህን ለቀህ ሂድ ብሎ የሚያስፈርም እንደ ማለት ነው። ገበሬው በአንድ ቃል የተናገረውን እኛ በሃያ ገጽ ሪፖርት አልተናገርነውም።

አንዳንድ ሰዎች «የስንዴ ዋግ በነፋስ ይመጣል፤ ነፋስን ማን ይፈትሻል?» ይሉናል። እውነት ነው። በ1998 በኡጋንዳ የተገኘው የግንድ ዋግ ወደ እኛ ለመድረስ ፈቃድ አልጠየቀም። በ2013 እና በ2014 መካከልም ሌላ የዋግ ዝርያ ዲገሉ የተባለውን ስንዴ በባሌ አጥቅቷል። ተምቹም እንዲሁ፣ በ2016 በምዕራብ አፍሪካ ታይቶ በ2017 የእኛን በቆሎ መብላት ጀመረ። ነገር ግን ይህ ክርክር እኛን ይረዳል እንጂ አይቃወመንም። በር ለሌለው ጠላት የሚያስፈልገው ማሳ ላይ የቆመ ተመልካች ነው፤ ያየውንም ሳይውል ሳያድር የሚያስታውቅ፣ ወሬውም ደንብ ጸሐፊው ጆሮ የሚደርስለት። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

በራሳችንም ላይ እንፍረድ። ለዕረፍት አገራችን ደርሰን ስንመለስ ለዘመድ የሙዝ ወይም የእንሰት ችግኝ በአውቶቡስ ጣሪያ ያልጫነ ከመካከላችን ስንቱ ነው? የእንሰት አጠውልግን መንስኤ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 ጽፈው አስታውቀዋል። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በተበከለ ችግኝ እንደሚተላለፍም በክፍል ተምረናል፤ በፈተናም መልሰናል። ፈተናውን ካለፍን በኋላ ግን ችግኙን ጭነናል። ልምምዱንም ቢሆን አብዛኞቻችን የምንፈልገው በመጨረሻ ለሚሰጠን ማኅተም ላለበት ወረቀት ነው። ተባይ ማኅተም አይፈራም።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ከዩኒቨርሲቲውና ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ጋር እንዲነጋገርበት የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ/ ለፖሊሲ ሥራ የሚላክ ተማሪ ሁሉ ከሁለቱ ወር ቢያንስ ሦስቱን ሳምንት እንደ መተማ፣ ሞያሌና ጋላፊ ባለ ኬላ ወይም በገበሬ ማሳ፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር እየሠራ ያሳልፍ። የእንጨት ማሸጊያ በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ መታከሙን የሚያሳየውን ምልክት በመጽሐፍ ሳይሆን በእንጨቱ ላይ ይየው።

2ኛ/ ተማሪው ያየውን የሚጽፍበት ሪፖርት ለማርክ ብቻ ተሰጥቶ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀር፣ ደንቡን ለሚያረቅቀው ክፍል ይድረስ። የኬላው ተቆጣጣሪ አጉሊ መነጽር ከሌለው፣ ይህ በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ያለበት የፖሊሲ ጉዳይ ነው።

3ኛ/ የመጓጓዣና የምግብ ወጪ ይታሰብ። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ብቻ የሚለማመድ ከሆነ፣ ስለ ገበሬው የሚጻፈውን ደንብ የገበሬው ልጅ አይጽፈውም።

ይህ ብዙ ገንዘብ አያስወጣም፤ ፈቃደኝነትን ግን ይጠይቃል። ነገ ከእኛ መካከል በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚፈርም ሰው ይኖራል። ያን ቀን ከፊቱ የሚቀርበው ወረቀት ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይታየው፣ ከጀርባው ጆንያውን፣ ችግኙንና በማሳው ዳር የቆመውን ገበሬ ከዛሬው ማየት ይልመድ። በሚቀጥለው ክረምት ተረኛ የሆናችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፣ የምደባ ደብዳቤያችሁን ስትቀበሉ «ኬላው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።